የጥያቄ ምልክት የሆኑት ስሞች

በለጠች የባሏን ንግግር የምትሰማው በዓይኗ ነበር። ወጣትነቷን ያሳለፈችው በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሽመና ክፍል ውስጥ ነው። ማሽኖቹ በአንድ ላይ ሲያጓሩ የሰው ድምፅ ስለማይሰማ፣ የክፍሉ ሴቶች የሚቀላለዱትም የሚጣሉትም ሐሜት የሚያዳርሱትም ከንፈርና ፊት እያነበቡ ነበር። ጡረታ ስትወጣ ይህ ችሎታ ዳግመኛ ያስፈልገኛል ብላ አላሰበችም። ባሏን ወልደጻድቅን ስትሮክ ከመታው ወዲህ ግን የምትኖርበት ይኸው ችሎታ ሆነ።

በሽታው ቀኝ እጁን አደነዘዘው፤ ቃላቱን ደግሞ ከየቦታቸው አንስቶ ደባለቃቸው። ውሃ ሲጠማው "በሩን" ይላል። አዎ ማለት ፈልጎ "አይ" ያመልጠዋል። በለጠችን ሲጠራት "መሰላል" ነው የሚላት። ለምን መሰላል እንደሆነች እሱም አያውቅም፤ እሷ ግን ሲላት ብድግ ብላ ትመጣለች።

"አእምሮው ደህና ነው። አዋሩት፣ ዝም አታሰኙት" ብሏት ነበር ሐኪሙ። ግን ማን ያዋራው? ወዳጆቹ መጀመሪያ ሰሞን ግቢውን ሞልተውት ነበር። ኋላ የሚለው አልገባቸው ሲል አፈሩ፤ እያፈሩ አንድ ባንድ ቀሩ። ወልደጻድቅም ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር ካለው ቤታቸው በረንዳ ላይ ተቀምጦ የኒሙን ዛፍ ሲያይ መዋል ሥራው ሆነ። ያን ሁሉ ዘመን ኮምፒውተር ላይ አጎንብሶ የኖረ ሰው፣ አሁን ስልኩን እንኳ ሲያቀብሉት ፊቱን ያዞራል።

አንድ ቀን ድሬ በሙቀት ጸጥ ባለችበት ሰዓት በሩ ተንኳኳ። ጥቁር ሻርፕ ያደረገች፣ ላፕቶፕ በጀርባዋ ያዘለች ወጣት ሴት ቆማለች።

"ፊርዶስ እባላለሁ። ሶፍትዌር ነው የምሠራው። ጋሽ ወልደጻድቅን ፈልጌ ነበር።"

"አሞታል እኮ ልጄ፣ አልሰማሽም?"

"ሰምቻለሁ። መናገር ያቅተዋል አሉኝ። ግን ሌላ የምጠይቀው ሰው አጣሁ፣ ወላሂ።"

የበለጠች ወላጆች ከደጋ የመጡ ነበሩና ልጅ ሳለች አንቱታ የማያውቀው የድሬ አነጋገር ቤታቸው ውስጥ ያስቆጣ ነበር። ዛሬ ግን ጠያቂው ሁሉ ባሏን በሩቁ "እሳቸው፣ እሳቸው" ሲለው ሰንብቶ፣ ይቺ ልጅ እንደ ቤተኛ "ያቅተዋል" ስትል ደስ አላት። በሩን ከፈተችላት።

ፊርዶስ በረንዳው ላይ ዝቅ ያለ በርጩማ ስባ ከወልደጻድቅ ፊት ተቀመጠች። ሳቢያን ሰፈር ያለ አንድ የእናቶችና የሕፃናት ክሊኒክ አዲስ ፕሮግራም እንድትሠራለት ቀጥሯታል። የድሮዎቹን የታካሚ ካርዶች ኮምፒውተር ውስጥ ያስገባው ግን፣ ከሃያ ዓመት በፊት፣ ወልደጻድቅ ነበር። አዲሱ ፕሮግራም እነዚያን ካርዶች ማንበብ አለበት።

"ሁሉም አልቋል" አለች። "ያስቸገረኝ ድራይቨሩ ብቻ ነው።"

"ሹፌሩ?" አለች በለጠች። "ምን አደረገሽ?"

ፊርዶስ ሳቀች። "የመኪና አይደለም፣ እትዬ። የኔ ፕሮግራምና መዝገቡ ያለበት ዳታቤዝ በቀጥታ አይግባቡም። መሃል ገብቶ የአንዱን ለአንዱ የሚያደርስ ትንሽ ፕሮግራም አለ፤ እሱን ነው ድራይቨር የምንለው።" ወደ ወልደጻድቅ ዞረች። "በፊት ድራይቨሩ ተጭኖ እያለ ኮምፒውተሩ የለም ይለኝ ነበር። ለድሮ ማሽን የተሠራ ስለሆነ ነው፤ በአዲስ ቀየርኩት። አሁን ይገናኛል። ቀኑ፣ የሕፃኑ ኪሎ፣ የካርድ ቁጥሩ ልክ ይመጣል። ስሞቹን ግን እየው።"

ላፕቶፑን አዞረችለት። ስም መኖር ባለበት ቦታ ሁሉ የጥያቄ ምልክት ተደርድሯል፤ ከላይ እስከ ታች የጥያቄ ምልክት፣ አልፎ አልፎ ብቻ አንድ የፈረንጅ ፊደል።

ወልደጻድቅ ፊቱን አላዞረም። ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ፣ ዓይኑን አጥብቦ ተመለከተ።

"ዝናብ" አለ።

ፊርዶስ በለጠችን አየች። "ነገሩ ገብቶታል" አለች በለጠች፤ እንዲህ ግንባሩን የሚቋጥረው ሲገባው እንደሆነ ታውቃለች።

"እሺ ጋሽ ወልዴ፣ አዎ ወይም አይ ብቻ በለኝ። ስሞቹ ከዳታቤዙ ውስጥ ጠፍተዋል?"

"አዎ።"

የልጅቷ ፊት ዐመድ መሰለ። የስንት እናት፣ የስንት ሕፃን ስም!

"ቆይ፣ አትደንግጪ" አለች በለጠች። "አፉን ትተሽ ቅንድቡን እዪ። እንዲህ ዝቅ ሲያደርገው አይ ማለቱ ነው።"

ፊርዶስ ትንፋሿን ለቀቀች። "ስለዚህ አሉ። እኔ ጋ ሲደርሱ ነው የሚበላሹት?"

"አይ" አለ ወልደጻድቅ፣ ቅንድቡ ግን ወደ ላይ ተነሳ።

"አሁን አዎ ነው" አለች በለጠች።

እንዲህ እያሉ ቆዩ። ፊርዶስ ትጠይቃለች፣ እሱ ይመልሳል፣ በለጠች ፊቱን ታነባለች። ዳታቤዙ ላይ ነው? አይደለም። አዲሱ ፕሮግራም ላይ? አይደለም። ድራይቨሩ ላይ? ነው። ድራይቨሩ ውስጥ የቱ ጋ እንደሆነ ስትጠይቀው ግን ቃል ያስፈልግ ነበር። ወልደጻድቅ አፉን ከፈተ፣ "የ... ጫማው... ጫማው..." አለ፣ እንዳልሆነለት ራሱ ሰማውና በግራ እጁ ጉልበቱን መታ። ዓይኑ እንባ አቀረረ።

በለጠች ልጅቷ አሁን ተነስታ ትሄዳለች፣ እንደ ሌሎቹ ትቀራለች ብላ ነበር። ፊርዶስ ላፕቶፑን ዘጋች። "አቦ ዛሬ ይበቃናል። ሙቀቱም አላሠራ አለ። ነገ እመጣለሁ" አለች። ማግስቱን በዚያው ሰዓት መጣች።

በዚህኛው ቀን አልጠየቀችውም። "ያየሁትን ሁሉ አንተም እይ" ብላ የድራይቨሩን ማስተካከያ ከመጀመሪያው ጀምራ አንድ ገጽ፣ ሌላ ገጽ እያለች ትገልጥለት ጀመር። በለጠች ጓዳ ገብታ ሐብሐብ ትቆርጣለች።

"መሰላል!" ብሎ ጮኸ ወልደጻድቅ።

ቢላዋውን ይዛ ሮጠች። እሱ ግን ወደ እሷ አልዞረም። ግራ እጁን ዘርግቶ ስክሪኑ ላይ፣ ምልክት ከተደረገበት አንድ ትንሽ ሣጥን ላይ ጣቱን አሳርፏል። ጣቱ ከቦታው ንቅንቅ አላለም።

ፊርዶስ ጠጋ ብላ አነበበች። ግንባሯን በመዳፏ መታች። "ወይኔ! ይሄን እኮ ስንቴ አለፍኩት። ሲጫን ጀምሮ ምልክት ስላለበት ልክ መስሎኝ!"

"ምንድን ነው?" አለች በለጠች።

"በዚያ ዘመን አማርኛ ሲጻፍ ኮምፒውተሩ የሚያስቀምጠው በፈረንጅ ፊደል ነበር፣ እትዬ። ለእያንዳንዱ የኛ ፊደል የፈረንጅ ምልክት ይመድቡለትና፣ ስክሪን ላይ ግዕዝ አስመስለው ያሳዩታል። ይሄ ድራይቨር ደግሞ እውነት ፈረንጅኛ መስሎት በራሱ ፈቃድ ሊቀይረው ይሞክራል። መቀየር ያቃተውን የጥያቄ ምልክት ያደርገዋል። ይሄ ሣጥን 'ፊደሉን ቀይር' የሚለው ነው። ጋሽ ወልዴ፣ ላጥፋው?"

"አይ" አለ፣ ቅንድቡ ግንባሩ ላይ ሊወጣ ደርሶ። ፊርዶስ የበለጠችን ፊት ሳታይ አጠፋችው።

የጥያቄ ምልክቶቹ ጠፉ። በቦታቸው ቆብ የደፉ፣ ነጥብ ያንጠለጠሉ፣ ጭራ ያወጡ የፈረንጅ ፊደላት መጡ። ለበለጠች ዓይን ከበፊቱ የባሰ ትርምስ ነው። ወልደጻድቅ ግን ሳቀ። ከታመመ ወዲህ ሳቁን ሰምታው አታውቅም ነበር፤ ትከሻው እየተነቃነቀ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ እንደ ጥንቱ ሳቀ።

"ለካ ትክክለኛው ዝብርቅርቅ ይሄ ነው!" አለች ፊርዶስ፣ እሷም እየሳቀች።

የቀረው የትኛው ምልክት የትኛው ፊደል እንደሆነ ማወቅ ነበር። የዚያ ዘመን አጻጻፍ መፍቻ ኢንተርኔት ላይ ተገኘ፤ ግን ወልደጻድቅ በጊዜው አንዳንዱን ለራሱ እንደሚመቸው ለውጦት ኖሮ ብዙው አልገጠመም። ስለዚህ አንድ በአንድ ማጣራት ግድ ሆነ። ፊርዶስ ሌላ ሥራም ነበራት፤ ቢሆንም ከሰዓት በኋላ ወደ ከዚራ ብቅ ትላለች፣ ላፕቶፑን ትከፍታለች፣ አንዱን ምልክት ታሳየዋለች፣ ከጎኑ የኛን ፊደል አግዝፋ ትጽፍለታለች።

"ይሄ 'ሸ' ነው?" ቅንድብ ወደ ታች። "'ሻ' ነው?"

በለጠች ጓዳ ነበረች። ማሰሮ እያጠበች፣ ውሃው እየፈሰሰ፣ ጀርባዋን ሰጥታ።

"ሻ" አለ ወልደጻድቅ።

ውሃውን ዘጋችው። ፊቱን አላየችም፣ ከንፈሩን አላየችም። በጆሮዋ ነው የሰማችው።

"ጎበዝ! ይሄስ?"

"ሚ።"

ልትወጣ በሩ ጋ ደርሳ ቆመች። ብትወጣ የሚያቋርጥ መሰላት። እጇ እየተንጠባጠበ፣ ግድግዳውን ተደግፋ፣ ባሏ እንደ ቄስ ተማሪ ፊደል ሲቆጥር አዳመጠች። ቃል ሲሆን ይጠፋዋል፤ ፊደል ሲሆን ግን አንዳንዴ ይመጣለታል። ስቶም አርሞም ሲጨርስ ብቻ ሐብሐብ ቆርጣ ይዛ ወጣች፤ ፊርዶስ ቀና ብላ የበለጠች ዓይን መቅላቱን አስተውላ፣ ሳህኑን ተቀበለቻት።

አዲሱ ፕሮግራም ሥራ የጀመረ ዕለት ፊርዶስ ጠዋት ደወለች። "ጋሽ ወልዴን አምጪልኝ፤ ያለሱ አልከፍትም።"

ከግቢ ወጥቶ አያውቅም፣ ከሆስፒታል ከተመለሰ ጀምሮ። በለጠች ጺሙን ላጨችው፣ ነጭ ሸሚዙን አለበሰችው፣ ባጃጅ ጠራች። እሱ መጀመሪያ በሩ ላይ ተገትሮ አልወጣም አለ፤ ሰው ያየኛል የሚለውን ሀሳቡን ከፊቱ አነበበችው። "ይዩሃ" አለችና ክንዱን ያዘች።

ክሊኒኩ ካርድ ክፍል ውስጥ ሃምዳ የምትባል መዝጋቢ ተቀምጣለች። ከፊቷ ሆዷ ገፋ ያለ ልጅ እግር ሴት ቆማለች፤ ለመጀመሪያ ምርመራ ነው የመጣችው።

"እዚህ ካርድ አለሽ?" አለቻት ሃምዳ።

"እኔ የለኝም። እናቴ ግን የወለደችኝ እዚህ ነው። ኑርቶ ትባላለች።"

ሃምዳ ስሙን ጻፈች። ፊርዶስ ከኋላዋ ቆማ ጥፍሯን ትበላለች። ካርዱ ወጣ። ፊርዶስ ስክሪኑን ቀስ አድርጋ ወደ ወልደጻድቅ አዞረችው።

እሱ ቆሞ ረጅም ጊዜ ተመለከተ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። በለጠች ምን ሊል እንደሆነ አስቀድማ አየች፤ ግን ለእሱ ተወችለት።

"ኑ... ር... ቶ" አለ። ከዚያ ጣቱን ወደ ታች፣ የሕፃኗ ስም ላይ አወረደ። "ሻ... ሚስ።"

"አቤት፣ አባ!" አለች ወጣቷ፣ የተጠራች መስሏት።

ወልደጻድቅ ቀና ብሎ አያት፣ ከዚያ ሆዷን አየ፣ ከዚያ ስክሪኑን። ገና አልጨረሰም ነበር። "ሁለት... ኪሎ" አለ፣ ልክ ካርዱ ላይ እንዳለው።

"ሁለት ኪሎ ብቻ? እናቴ ግዙፍ ሆነሽ አስጨነቅሽኝ ነው እኮ የምትለኝ!" አለች ሻሚስ፤ ሃምዳ ሳቀች፣ ፊርዶስ ሻርፗን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች።

ሲመለሱ በለጠች ባጃጁ ውስጥ ደክሞት ይተኛል ብላ ትከሻዋን አመቻችታለት ነበር። ወልደጻድቅ ግን ራሱን ወደ ውጭ አውጥቶ በየሱቁ በር ላይ የተጻፈውን ማንበብ ጀመረ። "ፋር... ማሲ" ልክ ነው። "ፀጉር... ጫማ" ስህተት ነው፤ ፀጉር ቤት ነው የሚለው።

"ፀጉር ጫማ!" አለ የባጃጁ ሹፌር፣ ቀልደኛ ሽማግሌ የጫነ መስሎት። "አቦ ተመችተኸኛል! ያንንስ?"

"ስ... ጋ ቤት።"

"አገኘኸው!"

ወደ ከዚራ የሚያስገባው መታጠፊያ ደረሰ። በለጠች ወደ ፊት ጠጋ ብላ የሹፌሩን ትከሻ ነካ አደረገችው።

"በቀፊራ ገበያ በኩል አዙረን" አለችው። "እዚያ የሚነበብ ይበዛል።"