የመጨረሻዋ እፍኝ

በፍራሽ ቤቱ ፍራሽ የምትሰፋዋን ልጅ ሁሉም «መርፌ» ይላታል። ቅጥነቷን አይተው ያወጡላት ስም ነው፤ አንዳንዱ ግን ቀጥ ያለች ስለሆነች ነው ይላል።

ፍራሽ ቤቱ አንድ ልማድ አለው። ሽማግሌው ነዳፊ ጥጡን ነድፎ ያፍታታል፤ መርፌ ጨርቁን ሰፍታ ትሞላለች፤ የመጨረሻዋን እፍኝ ጥጥ ግን የፍራሽ ቤቱ ባለቤት ራሱ ካልከተተ ፍራሹ አይዘጋም። እጁን እስከ ክርኑ ያስገባና ጥጉን ጠቅጠቅ አድርጎ፣ «በሉ ዝጉት፣ እንቅልፍ ገብቶበታል» ይላል። ከዚያ በፊት የጋብቻ ቀለበቱን አውልቆ መስኮቱ ላይ ያስቀምጣል። ሚስቱ ካረፈች ወዲህ ቀለበቱ ከጣቱ የሚለየው ለዚህች ሥራ ብቻ ነው።

አንድ ቀን አንድ ሹፌር ያዘዘውን ፍራሽ ጭኖ እንደሄደ ባለቤቱ ወደ መስኮቱ ዞረ። ቀለበቱ የለም። ቤቱን ገለባበጠው፣ ጥጡን በተነው፤ የለም። ከመስኮቱ ሥር የምትቀመጠው ደግሞ መርፌ ናት።

«አንቺ ነሽ» አላት በሁሉም ፊት። «እመኚና መልሺልኝ። ይቅር እልሻለሁ፣ ሥራሽንም ትሠሪያለሽ።»

«ጋሼ፣ ያልወሰድኩትን ከየት አምጥቼ ልመልስ?»

«ታዲያ ነዳፊው ነው?»

እዚህ ላይ አፏን ብትከፍት ኖሮ ትገላገል ነበር። ሽማግሌው በወጣትነቱ እጀ አመለኛ ነበር እየተባለ ይታማል። «እንጃ» ብትል እንኳ ይበቃ ነበር።

«አባባም አልወሰዱም» አለች። «አብረን ነበርን፤ መስኮቱ ጋ አልደረሱም።»

ነዳፊው አንገቱን ደፋ።

ባለቤቱ አላባረራትም፤ እንደሷ የሚሰፋ ከየት ይገኛል! ከማባረር የባሰ ነገር አደረገ። ማታ ከሥራ ስትወጣ ቦርሳዋን በሰው ፊት ያስፈትሽ ጀመር፤ ፈታሹም ነዳፊው እንዲሆን አዘዘ። ሽማግሌው ሳይወድ በግዱ ምሳ ዕቃዋንና ሻርፗን ያገላብጣል። መርፌ ጥርሷን ነክሳ ትቆምና ቤቷ ስትደርስ ታለቅሳለች።

እናቷ አንጀቷ አልቻለም። «ልጄ፣ ወሰድኩ በይና ተገላገዪ። ቃል ነው፤ ምን ይጎዳሻል?»

«እማዬ፣ አንዴ ሌባ ነኝ ካልኩ ከዚያ ማን ያወጣኛል? ፈጣሪ ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ሦስተኛው እስኪያውቅ እሰፋለሁ።»

«ሦስተኛውማ ድንጋይ ራስ ነው!» አለች እናቷ ተናዳ።

ሰፋችም። ለክፋት ብላ አንዲት ስፌት አላላላችም። እኔ ብሆን ቢያንስ አንዱን ጥግ አላላበት ነበር፤ እሷ ግን እንደ ወትሮዋ ጥብቅ አድርጋ ሰፋች።

ሳምንታት አልፈው አንድ ጠዋት ያ ሹፌር፣ ሆዱ ቀድሞት፣ ፍራሹን ተሸክሞ እየተነጫነጨ ገባ።

«ይሄ ፍራሽ ነው ወይስ የጠጠር ጆንያ? ወዲህ ስገላበጥ እኔን፣ ወዲያ ስገላበጥ ሚስቴን ይቆረቁራል! እሷ ደግሞ ያንተ አጥንት ነው ትለኛለች። እስቲ እዩኝ፣ እኔ አጥንት አለኝ?»

ባለቤቱ ወደ መርፌ ዞረ። «መርፌሽን ረስተሽበት ነዋ! ሌላ ምን ቀረሽ?»

ደሟ ፈላ። ድምፅዋን ግን ከፍ አላደረገችም። ስፌቱን በምላጭ ተርትራ አፉን ከፈተችለት።

«ጋሼ፣ እርስዎ ይፈልጉት። ኋላ እሷ ደበቀችው እንዳይሉኝ።»

እጁን እስከ ክርኑ አስገባ። ጥጉን ዳበሰ፣ ዳበሰ። እጁን ሲያወጣው ጥጥ የተጠመጠመበት ቀለበት በጣቶቹ መሀል ነበር። ሰው በየቀኑ የሚያደርገውን ነገር ያላደረገባትን አንዲት ቀን አያስታውስም። ያን ዕለት ቀለበቱን ሳያወልቅ ነው እጁን የከተተው፤ በሐዘን የከሳ ጣት ደግሞ ቀለበት አይዝም።

«ተመስገን!» አለ ነዳፊው፤ ጥጡ ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ።

 መርፌ ግድግዳውን ተደግፋ እፎይ አለች። ደስታም ንዴትም አብረው መጡባት፤ ደስታው ግን በለጠ።

ባለቤቱ ቀለበቱን አላጠለቀውም። «ልጄ፣ ይቅር በይኝ። ሚስቴን ሁለተኛ የቀበርኳት መስሎኝ ዓይኔ ታወረ።»

«እኔን በሰው ፊት ሌባ ብለውኝ ነበር፤ በሰው ፊት ይቅርታ ጠየቁኝ፤ ይበቃኛል» አለች። «አባባስ? በስተርጅና እጃቸውን ሰው ቦርሳ ውስጥ ያስገቡት እርስዎ ነዎት።»

ሽማግሌውንም ጎንበስ ብሎ ይቅርታ ጠየቀው።

«እኔንስ?» አለ ሹፌሩ። «ጎኔ አልቆ የለም እንዴ!»

ማታ መርፌ ልማድ ሆኖባት ቦርሳዋን ከፍታ በሩ ላይ ቆመች። ነዳፊው ሊቀርብ አልፈለገም። ባለቤቱ መጣና ቦርሳውን በገዛ እጁ ዘጋላት፤ ከዚያ ፊቷ ቆሞ ሁለት እጆቹን ዘረጋ።

«ዛሬ እኔን ፈትሺኝ።»

መርፌ ለረጅም ጊዜ ያልሳቀችው ሳቅ አመለጣት። ከኮቱ እጅጌ ላይ አንዲት ብጣሽ ጥጥ በሁለት ጣቷ አነሳች።

«ጋሼ፣ ይቺን ይዘው ሊወጡ ነበር!»