የድመቱ ኮፍያ

የሥራ ባልደረቦቹ «ድመቱ» ይሉታል። ብረት በያጅ ነው፤ ሌላው ሰው ቀና ብሎ ለማየት የሚፈራው ከፍታ ላይ፣ ከጫማው እምብዛም በማይሰፋ ብረት ላይ ሲራመድ ይውላል። ፍርሃት አያውቅም ማለት አይደለም። ዝናብ ብረቱን ሲያረጥበው ይፈራል፤ ቀበቶውን ያጠብቃል፣ ቀስ ብሎ ይወርዳል፣ መሬት ሲረግጥ ፍርሃቱም ይለቀዋል። እንዲህ ያለው ፍርሃት ባለውለታው ነው።

ባለፈው ወር ልጁ ፈተናዋን ሳትጨርስ ከአዳራሹ ወጥታ ሄደች። ልቧ ሊወጣ እንደደረሰ፣ ትንፋሽ እንዳጠራት ነገረችው። ድመቱ እናቷና አክስቷ በተቀመጡበት፣ «እኔ አየር ላይ ቆሜ በይጄ አሳድጌሽ፣ አንቺ ወንበር ላይ መቀመጥ አቃተሽ?» አላት። አክስቷ ሳቀች። ልጅቷ ከዚያ ወዲህ ከሰላምታ ያለፈ ነገር አታወራውም። ምላስ አጥንት የለውም፣ አጥንት ግን ይሰብራል። ድጋሚ ፈተናው ነገ ነው፤ እሷ አልሄድም ብላለች፣ እሱ ደግሞ እጇን እየጎተተ ሊወስዳት ምሏል።

ለነገው እንዲያምርበት ዛሬ ፀጉሩን ሊቆረጥ ገባ። ቆራጩ ጨርቁን አንገቱ ላይ አሰረለት፤ በግራ በኩል በማሽን ጨርሶ ወደ ቀኝ ሲዞር ያ ነገር መጣበት። እንግዳው አልነበረም። መጀመሪያ አውቶቡስ ውስጥ መጥቶበት በእግሩ መሄድ ጀመረ፤ ቀጥሎ ሊፍት ውስጥ መጥቶበት ደረጃ መውጣት ጀመረ። ለሰው ግን «ለጤና ነው» ይላል፣ ውሸታም። አሁን ጣቶቹ ደነዘዙ፣ ላብ አጠመቀው፤ መሞቱን አልተጠራጠረም። እግሬ አውጪኝ ብሎ ጨርቁን እንዳንጠለጠለ ወደ መንገድ ሮጠ። ወረፋ የያዙት ሳቁ። ምን ያድርጉ፣ ግማሽ ራሱን የተላጨ ጎልማሳ ከፀጉር ቆራጭ ሲሸሽ ማን አይስቅም?

ክሊኒክ ገብቶ ልቤን አለ። መረመሩት፤ ልቡ ደህና ነው። ልብዎ ጤነኛ ነው ሲባል የሚያፍር ሰው ቢኖር እሱ ነው፤ ታሞ ቢገኝ ቢያንስ ለሰው የሚናገረው ይኖረው ነበር። ሐኪሟ የሚሸሻቸውን ቦታዎች ቀስ እያለች ጠይቃ አስነገረችው።

«እርጥብ ብረት ላይ የሚሰማዎት ፍርሃት ነው፤ አደጋው ሲያልፍ ያልፋል» አለችው። «ይሄኛው አደጋ በሌለበትም ይመጣል። ከሄደ በኋላ ደግሞ ይመለስብኛል እያሉ ይሸሹታል፤ በሸሹት ቁጥር ያድጋል። ሕመም ነው እንጂ ፈሪነት አይደለም። ይታከማል።»

ቀጠሮ ሰጠችው። እሱ ግን ሕመም ሲባል ያሰበው ስለ ራሱ አልነበረም።

ኮፍያ ገዝቶ እቤት ገባ። ልጁ ብቻዋን ተቀምጣ ነበር፤ ቀና ብላ ኮፍያውን አየችው። ሊዋሽ አሰበ፣ አቃተው። ኮፍያውን አውልቆ፣ አንገቱን ደፍቶ የሆነውን ሁሉ ነገራት። ፊቱ በኀፍረት ነደደ። ብትስቅበት ይገባው ነበር።

አልሳቀችም። «ጣትህ ደንዝዞ ነበር?» አለችው።

«አዎ።»

«የምትሞት መሰለህ?»

«አዎ፣ ልጄ።»

ብድግ አለች። ከዚያ መቀስና ማበጠሪያ አመጣች፤ ወንበሩን በሩ አጠገብ አስቀመጠች፣ በሩንም ወለል አድርጋ ከፈተችው። አንገቱ ላይ ምንም አላሰረችም።

«ሲመጣብህ ንገረኝ፤ አቆማለሁ» አለችው።

እሱ እንዲህ ብሏት አያውቅም። ከመቀሱ ይልቅ ይህ ወጋው።

«ነገ እኔ አልጎትትሽም» አላት። «ብትሄጂ በር ላይ እጠብቅሻለሁ። ብትወጪም አብረን እንመለሳለን። ሐኪሟ ጋም አብረን እንሄዳለን።»

መቁረጧን ቀጠለች። እጇ ግን አልለመደውምና የቀኙን ጎን አበላሸችው።

በማግስቱ ጠዋት ልጅቷ ለብሳ ወጣች። ድመቱ ኮፍያውን ትቶ ተከተላት። አክስቷ በር ላይ አግኝታው ራሱን ስታይ ሳቋ አመለጣት፤ ምን ሆነህ ነው አለችው።

«ወንበር ላይ መቀመጥ አቅቶኝ ነው» አላት። ጆሮው እስኪቀላ አፍሮ ነበር፤ ቢሆንም ጮክ ብሎ ነው የተናገረው።

አክስቷ ሳቋን ዋጠች። ልጁ እጁን ያዘችውና መንገድ ጀመሩ።