ያልተወለዱ ልጆች ጣት

ፀደንያ ከጓዳው በር ጀርባ ቆማ ጥፍሯን ትበላለች። ሳሎን ውስጥ ዮናስ ከደብረ ብርሃን የላካቸው ሽማግሌዎች «እሺ ካልተባልን አንቀመጥም» ብለው ቆመዋል። ሁለቴ መጥተው ባዶ እጃቸውን ተመልሰዋል። ዛሬም እምቢ ከተባሉ አንኮበርን ዳግም አይረግጧትም፤ የፀደንያም ትዳር እዚያው አለቀለት።

የአባቷ የመርጌታ ወልደአረጋይ ችግር ደግሞ የዮናስ አባት እጅ ነው። አቶ ሽፈራው በጉብዝናቸው ጊዜ ባሕር ዛፍ ሲፈልጡ በገዛ መጥረቢያቸው ሁለት ጣታቸውን ቆርጠዋል።

«ልጁ ጨዋ ነው፤ ምንም አይወጣለትም» አሉ መርጌታ። «ግን ዘሩ ጎደሎ ሆኗል። የልጅ ልጄ ጣት ሳይኖረው ቢወለድ ጸናጽሉን በምን ሊይዝ ነው? በጥርሱ?»

«መርጌታ፣ መጥረቢያ እኮ ነው የቆረጠኝ!» አሉ ከሽማግሌዎቹ ጋር የመጡት አቶ ሽፈራው። «ዮናስም የተወለደው ከዚያ በኋላ ነው፤ ይኸው አሥር ጣት አለው።»

«ልጅን ይዘልና የልጅ ልጅ ላይ ይወጣል!»

ጉድ እኮ ነው! ድጓውን ከዳር እስከ ዳር በቃላቸው የሚወጡ ሰው ናቸው እንዲህ የሚሉት። አንደኛው ሽማግሌ ጋቢውን ሰብሰብ ሲያደርግ ፀደንያ በስንጥቁ አየች። ሊሄዱ ነው። ደሟ ፈላ። ሴት ልጅ ለጋብቻዋ በመጡ ሽማግሌዎች ፊት እንደማትወጣ አሳምራ ታውቃለች። ወጣች።

«አባባ፣ ዘሥላሴ ወንድሜ በተወለደ በስምንተኛው ቀን ምን አደረጋችሁት?»

«ምን እናደርገዋለን፣ ገረዝነው!»

«እርስዎስ?»

«አንቺ ልጅ!»

«አያቴስ? የአያቴ አባትስ? ከአብርሃም ጀምሮ ሲቆረጥ ኖሮ ተገርዞ የተወለደ ወንድ አይተው ያውቃሉ? ያ ሁሉ ዘመን ተቆርጦ ያልጎደለ፣ የአቶ ሽፈራው ጣት ነው የሚጎድለው?»

«ወይኔ ጉዴ፣ አዋረደችን!» አሉ እናቷ ወይዘሮ በላይነሽ ከጓዳ። አንዱ ሽማግሌ ወደ ግድግዳው ዞሮ ትከሻው በሳቅ ይንቀጠቀጣል።

«ይቺን ምላስ ከማን አመጣቻት?» ብለው ጮኹ መርጌታ።

«እኔን እንዳያዩኝ!» አሉ ወይዘሮ በላይነሽ። «ከእናትዎ ነው።»

አቶ ሽፈራው በዚያችው በጎደለች እጃቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቃቸውን ዋጡ። «መርጌታ፣ እኛም እንጠይቅ እንጂ። ጣቱስ ይቅር፤ ይሄ ምላስ ለልጅ ልጅ ይተላለፋል?»

«ይሄማ ይተላለፋል! እናቴን ባወቃችኋት!»

«እንግዲያው ይሄንን እንፈልገዋለን።»

መርጌታ ጢማቸውን አሻሹ። ከዚያ ልጃቸውን ሳያዩ፣

«ምን ይገትርሻል?» አሏት። «ለሰዎቹ ወንበር አታመጪም?»

ፀደንያ እያለቀሰች ወንበር ልታመጣ ሮጠች።