ያላለቀችው መኪና

የጂኦግራፊ መምህሩ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ስለ በረሃ ሲያስተምር፣ በረሃ አይቶ አያውቅም ነበር። ዛሬ ራሱ እየሳቀ ለሰው ሁሉ ያወራዋል፤ ያኔ ግን ከራሱ በቀር ማንም አያውቅበትም። ነፋስ አሸዋን እንዴት እንደሚከምር በጠመኔ ሲስል እጁ አይንቀጠቀጥም፤ ስለ ደረቅ ወንዝ ሲያስረዳ ትናንት ከዚያ የተመለሰ ነው የሚመስለው። ተማሪዎቹ «ካርታ» የሚል ቅጽል ስም አውጥተውለታል፤ የማይሰማ መስሎ ያልፋል እንጂ በልቡ ይኮራበታል። ታዲያ አንድ ቀን ከኋላ ወንበር የምትቀመጥ፣ ዓመቱን ሙሉ ድምፅዋ ተሰምቶ የማያውቅ ልጅ እጇን አወጣችና፣

«መምህር፣ እርስዎ ሄደው ያውቃሉ?» አለችው።

«ስንት ጊዜ!» አለ አፉን ሞልቶ።

ከአፉ ስትወጣ ቀላል የነበረች ውሸት ቤቱ ሲደርስ ከበደችው። ሌላ ሰው ቢሆን በሚቀጥለው እሁድ አውቶቡስ ተሳፍሮ፣ በረሃውን አይቶ፣ ውሸቱን እውነት አድርጎ ይመለስ ነበር። እሱ ግን የተማረ ሰው ነው፤ የተማረ ሰው ደግሞ ሳይዘጋጅ ከቤቱ አይወጣም። መኪና ገዛ።

መኪናዋ በአራቱም ጎማዋ የምትጎትት፣ ከትዳሩ በዕድሜ የምትበልጥ፣ አንዱ በሯ ከውጭ ብቻ የሚከፈት ነበረች። ሚስቱ አዋላጅ ነርስ ናት። ከሥራ ስትመለስ ግቢው ውስጥ ቆማ አገኘቻት፤ ዙሪያዋን ዞረች፣ ጎኗን መታ መታ አደረገችና፣ «ስንተኛ ወሯ ነው?» ብላ ወደ ቤት ገባች።

ጋራዡ ከቤታቸው ሁለት መንገድ ወረድ ብሎ ነበር። መካኒኩ ወሬ የማይወድ፣ ሞተር ሲያዳምጥ ዓይኑን የሚጨፍን ሰው ነው። አዳመጠ፣ አዳመጠና ዓይኑን ገለጠ። «ሞተሯ ጤነኛ ነው። ፍሬኗን ላስተካክል፣ ዘይቷን ልቀይር፣ ነገ ይንዷት።»

«ነገ?» አለ መምህሩ እንደተሰደበ ሁሉ፤ ከኪሱም ባለ አራት ገጽ ዝርዝር አወጣ።

መካኒኩ ዝርዝሩን እስከ መጨረሻው አነበበ። «መምህር፣ ጦርነት ነው እንዴ የሚዘምቱት?»

«ዱር ነው የምሄደው።»

«ዱር እኮ ሰው በእግሩም ይገባል» አለና እጅጌውን ሰበሰበ።

ነገሩ በፓራውልት ተጀመረ። ምናልባት ጎሽ ከፊት ቢመጣ ተብሎ ወፍራም የብረት ፓራውልት ተገጠመላት። ብረቱ ከበዳትና አፍንጫዋን ደፋች። አፍንጫዋን ለማቅናት ከፊት ጠንካራ ሞላ ገባላት፤ ያኔ ደግሞ እንደተቀመጠ ውሻ ከኋላዋ ዝቅ አለች። ለኋላዋ ክብደት የሚችል ባሌስትራ ተደረበ። እንዲህ ከፍ ስትል የድሮ ጎማዋ የሕፃን ጫማ መሰለና ትልልቅ ጎማ መጣ። ትልቁ ጎማ መሪ ሲዞር የጭቃ መከላከያውን ፈተገው፤ መከላከያው ተቆረጠ። መምህሩ በየቅዳሜው ጋራዡ በር ላይ ቆሞ፣ አንዱ ሲደፈን ሌላው ሲያፈስ እያየ፣ «አሁን መልክ እየያዘች ነው» ይል ነበር።

ከዚያ ወደ ላይ ተወጣ። ለዕቃ መጫኛ ፖርቶ መጋላ ተሠራላት፤ በላዩ ላይ እንደ መጽሐፍ ተከፍቶ የሚዘረጋ ድንኳን ተቀመጠ። ወንዝ ስትሻገር ሞተሯ ውሃ እንዳይጠጣ የአየር ቱቦ እስከ ጣሪያዋ ወጣ። ከጭቃ ራሷን ጎትታ የምትወጣበት፣ በባትሪ የሚጠቀለል የብረት ገመድ ከፊቷ ተተከለ። በጎኗ የጥላ ሸራ ተጠቀለለ። ኋላዋን መምህሩ ለማንም አልተወም፤ አልጋም ጠረጴዛም የሚሆን ባለ መሳቢያ ሣጥን በገዛ እጁ ሠራላት። የመጀመሪያውን ሲሠራ የመኪናዋን ልክ ከውጭ ለክቶ ስለነበር በበሩ አልገባም። ሁለተኛው ገባ።

«ማድ ቤታችን እኮ መሳቢያ የለውም» አለች ሚስቱ። «ሹካ በጣሳ ነው የምናስቀምጠው።»

«እሱ ቀጥሎ ነው።»

«ከምን ቀጥሎ?»

እሱ መብራት ለመግጠም ወጣ።

ዘጠኝ ወር ሞላ። «ቀኗ አልፏል» አለች አዋላጇ። «አሁን ካልወጣች በመሣሪያ ነው የምትወጣው።» ለቅዳሜና እሁድ አብራው ልትሄድ ቀን ቆረጡ። ቅዳሜ ማለዳ ግን የሥራ ባልደረባዋ ታማ ከሆስፒታል ተደወለላትና ነጭ ልብሷን ለብሳ ሄደች። መምህሩ ያዘነ መስሎ ቆመ እንጂ፣ እውነቱን ለመናገር ልቡ ቅቤ ጠጣ። በቃ፣ ለሳምንት ይተላለፋል፤ እስከዚያ የኋላውን መብራት...

«እኔ አለሁ።»

ዞር ሲል አማቱ የእጅ ቦርሳቸውን ይዘው በረንዳ ላይ ቆመዋል። አማቱ ከነሱ ጋር ነው የሚኖሩት። ሠላሳ ዓመት የስልክ ኦፕሬተር ሆነው ሰውን ከሩቅ አገር ጋር ሲያገናኙ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው፣ ነገር የማያበዙ ሴት ናቸው።

«እማማ፣ መንገዱ እኮ አስቸጋሪ ነው።»

«ለአስቸጋሪ መንገድ አይደል የሠራሃት?»

መግባቱ ራሱ አንድ ሥራ ሆነ። መኪናዋ ከፍ ብላ ከፍ ብላ የበሯ ደፍ አማቱ ደረት ጋ ደርሷል፤ አራት ገጽ ዝርዝር ውስጥ ደግሞ መረገጫ የሚል ቃል የለም። የማድ ቤቱ በርጩማ መጣ። አማቱ በርጩማው ላይ ወጥተው በአንድ እጃቸው በሩን፣ በሌላው ወንበሩን ያዙ፤ መምህሩ ከኋላ መግፋት ነበረበት። ሃያ ሁለት ዓመት ያስተማረ ሰው አማት ከኋላ የት ተይዞ እንደሚገፋ አያውቅም። «ግፋ እንጂ፣ ሰው ነኝ፣ አልሰበርም!» ሲሉት ዓይኑን ጨፍኖ ገፋ።

ቀጥሎ የግቢው በር ሆነ። በሩ ላይ የተጋደመው ብረት ከድንኳኑ በአራት ጣት ዝቅ ይላል። ዘጠኝ ወር ጋራዥና ግቢ ስትመላለስ የኖረች መኪና ነበረች፤ ድንኳኑ የተጫነው ግን ግቢው ውስጥ ነው። መካኒኩ ተጠርቶ መጣ፤ ብረቱን አየ፣ መምህሩን አየ። የአራቱንም ጎማ አየር አስተነፈሰ። መኪናዋ ቁጭ እንደሚል ሰው ረገብ አለች፣ በብረቱ ሥር ለጥቂት አለፈች፤ ውጭ መልሶ ነፋላት። ጎረቤት ሁሉ ወጥቶ አይቷል። አማቱም ከወንበራቸው ሆነው በመኪናዋ መስኮት አዩ።

አራት ሰዓት በአስፋልት፣ ሁለት ሰዓት በጠጠር መንገድ ተጓዙ። ማንኪያው፣ ድስቱ፣ ቱቦው፣ ሸራው፣ ሁሉም በየድምፁ ያወራል፤ ሁለቱ ሰዎች ለመነጋገር መጮህ ነበረባቸው። ከቀትር በኋላ አንድ ሰፊ ደረቅ ወንዝ ጋ ደረሱ። ነጭ አሸዋ ነው፤ ማዶው ይታያል። መምህሩ ደረቱ ተነፋ። ለዚህ ነው የተሠራችው።

«አሁን ያዩአታል እማማ» አለና ነዳጁን ረገጠው።

መሐል ላይ ስትደርስ ጮኸች፣ አሸዋ ወደ ኋላ ረጨች፣ በአራቱም ጎማዋ ጉድጓድ ቆፍራ በሆዷ ተኛች።

መምህሩ አልደነገጠም። ለዚህም ተዘጋጅቷል። የብረት ገመዱን ፈትቶ ዛፍ ፍለጋ ሄደ። ገመዱ ሠላሳ ሜትር ነው። ቅርቡ ዛፍ፣ በእርምጃ ሲለካው፣ ሰባ። ዝርዝሩ ውስጥ ሁሉም ነገር ነበር፤ ዛፍ ብቻ አልነበረም። ተመልሶ በጎማ ሥር የሚነጠፉትን የብረት ሳንቃዎች ሊያወርድ ወጣ፤ ሳንቃዎቹ ከፖርቶ መጋላው ጋር በብሎን ታስረዋል፣ የብሎኑ መፍቻ መሳቢያው ውስጥ ነው፣ መሳቢያው ደግሞ በመንገዱ ሲንገጫገጭ ተጣሞ አልከፈት አለ። ጎተተው፣ ለመነው፣ በእርግጫ መታው። እጀታው ተነቅሎ እጁ ላይ ቀረ።

አማቱ ከቤት በተጫነው በርጩማ ወርደው፣ በዚያው ላይ በመኪናዋ ጥላ ተቀምጠዋል። መምህሩ እጀታውን እንደያዘ አጠገባቸው መሬት ላይ ዘፍ አለ።

«እማማ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት። እኔ በረሃ አይቼ አላውቅም።»

«አውቃለሁ።»

«ማን ነገረዎት?»

«ያየ ሰው ይህን ሁሉ ብረት አይሸከምም።»

ሳቁ ሳያስበው አመለጠው። አማቱ ግን አልሳቁም፤ ማዶውን እያዩ ቀጠሉ።

«ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አንድ ሐይቅ ዳር ሊወስደኝ ነበር። መጀመሪያ ቤቱ ይለቅ አለ። ቤቱ አለቀ፤ አጥሩ ይለቅ አለ። ከዚያ ጥሩ ሻንጣ ይገዛ አለ። ተገዛ። እሱ ሲሞት ልብሱን ከሆስፒታል የመለስኩት በዚያ ሻንጣ ነው።» ቦርሳቸውን ከጉልበታቸው አነሱ። «ዘጠኝ ወር በመስኮት አየሁህ ልጄ። ክፉ ሰው አይደለህም። ግን አትጨርስም። ስለዚህ ሳትጨርስ ልውጣ አልኩ።»

መምህሩ ጠመኔ ቢኖረው ወደ ሰሌዳ ይዞር ነበር።

በዚህ መሐል በርጩማው ወደ አንድ ጎን መስጠም ጀመረ። አማቱ ተነሱ፣ ከስንቁ መሐል የዳቦ መቁረጫ ጣውላ አምጥተው ከእግሮቹ ሥር አነጠፉና መልሰው ተቀመጡ። በርጩማው ጸጥ አለ። ጣውላውን አዩ፣ ጎማውን አዩ።

«ያ መካኒክ ጠዋት ሲያስተነፍሰው ጎማው ተዘርግቶ ሰፍቶ ነበር። ሰፊ ነገር እኮ አይሰምጥም።»

መምህሩ ግንባሩን በመዳፉ መታ። ያውቀዋል! ዝርዝሩ ሦስተኛ ገጽ ላይ፣ ከሥሩ ሁለቴ አስምሮበት ጽፎታል። አወቅሽ አወቅሽ ሲሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ማለት ይኼ ነው። የአየር ማስተንፈሻ መሣሪያም ገዝቷል፤ እሱም መሳቢያው ውስጥ ነው። ከደረት ኪሱ እስክሪብቶውን አወጣና በጫፉ የጎማውን አፍ እየተጫነ አራቱንም አስተነፈሰ። አሸዋውን በድስት ክዳን ጠረገ። ከዚያ መኪናዋን በለሆሳስ፣ የተኛ ልጅ እንደሚያነሳ ሰው፣ አስነሳት። ተንቀጠቀጠች፣ ተንፏቀቀች፣ ወጣች። አማቱ በርጩማቸውንና ጣውላቸውን ይዘው ከኋላዋ በእግራቸው ተሻገሩ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ በረሃው አፋፍ ላይ ነበሩ። መምህሩ ሃያ ሁለት ዓመት ቢጫ ጠመኔ ጨርሷል፤ አሸዋው ግን ቢጫ አልነበረም፤ የዳቦ ቅርፊት ነው የሚመስለው፣ በጥላው በኩል ደግሞ ወደ ሐምራዊ ይሄዳል። በረሃው እንዲህ ጸጥ ይላል ብሎም አልጠበቀም። አንድ ነገር ማድረግ እንዳለበት ተሰማውና፣ እንዳመሉ፣ የጥላ ሸራውን ሊዘረጋ ገባ። አንዱ እግር አልቆም አለ። መመሪያውን ፈለገ።

«እማማ፣ ጥላው ሊደርስ ነው!» ብሎ ቀና ሲል በርጩማው ባዶ ነው። አማቱ ጫማቸውን በእጃቸው አንጠልጥለው የአሸዋውን ኮረብታ አጋምሰዋል፤ ጉልበቴን የሚሉት ሴት። ሸራውን በአንድ እግሩ እንደቆመ ትቶት ተከተላቸው።

ጫፉ ላይ ሲደርስ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። አማቱ በጣታቸው ሩቅ ወደሚታይ ጥቁር ነገር አመለከቱ።

«ያ ምንድን ነው?»

መምህሩ አፉን ከፈተ። ሦስት መልሶች በየተራ ምላሱ ጫፍ ላይ መጡ፤ ሦስቱም በመጽሐፍ የሚያምሩ ናቸው።

«አላውቅም» አለ።

«እንግዲያው እንሂድና እንየው።»

ሄዱ። ማን ለምን እንደከመረው የማይታወቅ የድንጋይ ክምር ነበር፤ ሌላ የሚታይ ነገር የለውም። አማቱ ሁለቴ ዞሩት። መምህሩም ሸራውን ረስቶ ከኋላቸው ዞረ።