አዋቂ የማይወስንበት እሁድ

አውቶቡስ ነጂው ከአደጋው ወዲህ ይበላል፣ ይተኛል፣ ሰላም ላለው ሰው ሰላምታውን ይመልሳል። ያየው ሁሉ «ተመስገን፣ ጠንክሯል» ይላል። ጥንካሬ ግን አልነበረም። ሐኪም ጥርስ ሊነቅል ሲል ድድን እንደሚያደነዝዘው፣ አንዳች ነገር ውስጡን አደንዝዞት ሄዷል፤ መንቀሉ ነው የቀረው።

አደጋው እንዲህ ነበር። አንድ ጠዋት፣ ሁልጊዜ በሚነዳው መስመር፣ ዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት ካለው ፌርማታ ሲነሳ አንድ ሽማግሌ ከቆመ መኪና ጀርባ ብቅ አሉ። ፍሬን ረገጠ። ፍሬኑም ያዘ፣ አውቶቡሱም ቆመ፤ ሲቆም ግን ሽማግሌው ከፊቱ አልነበሩም። ሽማግሌው በዚያው አረፉ። ፖሊስም መሥሪያ ቤቱም መረመሩና «ጥፋት የለብህም» አሉት። እረፍትም ሰጡት። ጥፋት የለብህም የተባለ ሰው ከዚያ በኋላ ምን እንደሚያደርግ ግን የነገረው የለም። ስለዚህ መስኮቱ ሥር ያለው ወንበር ላይ ሄዶ ተቀመጠ።

ሚስቱ የሆስፒታል ልብስ አጣቢ ናት። ደም የነካውን አንሶላ በረዶ አስመስላ ታወጣለች፤ ባሏን ግን በምን እንደምታነጻው ግራ ገባት። ብትለምነው «እሺ» ይላታል፣ ብትቆጣው «እሺ» ይላታል። ድንጋይ ላይ ውሃ ማፍሰስ ሆነባት።

አንድ ቀን እራት ላይ ልጆቿን እንዲህ አለቻቸው፦ «የዚህን እሁድ ነገር ለእናንተ ሰጥቻችኋለሁ። የት እንደምንሄድ፣ ምን እንደምንጫወት እናንተው ወስኑ። አንድ ነገር ብቻ፣ ቦርሳዬ አይከፈትም። ቤት ባፈራው ነው።»

ትልቋ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። የቤቱን ጠብ ሁሉ እሷ ስለምትፈርድ «ዳኛዋ» ይሏታል። ታናሽ ወንድሟ ደግሞ በጉንጩ ምክንያት «ድንቡሼ» ተብሎ ቀርቷል።

«አዋቂስ ይወስናል?» አለች ዳኛዋ።

«አይወስንም።»

«አባዬም?»

እናትየው ወደ ባሏ አየች። «አባታችሁም።»

«እሺ» አለ አባትየው፣ ማንም ሳይጠይቀው።

ልጆቹ እስከ እሁድ ድረስ በር ዘግተው ሲንሾካሾኩ ሰነበቱ። ድንቡሼ በየመሀሉ ብቅ ይልና «ሚስጥር ነው! እንዳትጠይቁን!» ብሎ ተመልሶ ይገባል። የጠየቀው አልነበረም።

እሁድ ጠዋት ቁርስ የተበላው ጠረጴዛው ሥር ነው። ለምን ቢባል፣ ዳኛዋ ስለወሰነች። ያን የሚያህል ሰውዬ ጉልበቱን አጥፎ ገባና ቀና ሲል ጭንቅላቱ ጠረጴዛውን መታው። ልጆቹ ሻይ ትን እስኪላቸው ሳቁ። እሱም መሳቅ እንዳለበት ገባውና ፊቱን የሚስቅ ሰው ፊት አስመሰለው።

«አሁን ደግሞ አውቶቡስ እንሳፈራለን» አለች ዳኛዋ። «ከመጀመሪያው ፌርማታ እስከ መጨረሻው። የሾፌር ቤተሰብ በነፃ ነው።»

እናትየው የያዘችውን ፔርሙስ አስቀመጠች። «የትኛውን አውቶቡስ?»

«የአባዬን መስመር።»

«አይሆንም የኔ ልጅ። ሌላ ፈልጉ።»

«አዋቂ አይወስንም ብለሽ የለ?»

«እሺ» አለ አባትየው፤ ጫማውንም ማሰር ጀመረ። ሚስቱ ፊቱ ላይ ሕመም ፈለገች። አጣች። ይሄ ደግሞ ከሕመሙ የባሰ አስፈራት።

የዚያን ቀን ተረኛው ሾፌር የቆየ ባልደረባው ነበር። ሆዱ ከመሪው ጋር ስለሚታገል የሥራ ጓደኞቹ «ቀጮ» ይሉታል። አባትየውን ሲያይ ግማሽ ያህል ከወንበሩ ተነሳ።

«ወንድሜ! መጣህልን? ና፣ ቦታህን ልልቀቅልህ እንዴ?» አለ እየሳቀ፤ ወዲያው አፉ እንደቀደመው ታወቀውና ቀላ።

«ዛሬ ተሳፋሪ ነኝ» አለ አባትየው።

ከሾፌሩ ጀርባ ተቀመጠ። አውቶቡሱ ፌርማታ ላይ በደረሰ ቁጥር ቀኝ እግሩ የሌለ ፍሬን ይረግጣል። ዳቦ ቤቱ ሲቃረብ እንግዳ እንደሚጠብቅ ሰው ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። «አሁን ይመጣል፣ አሁን ልቤ ይሰነጠቃል» አለ በልቡ። አውቶቡሱ ቆመ። ዳቦ የታቀፈች ሴት ተሳፈረች። በሩ ተዘጋ። ምንም አልመጣም።

«አባዬ፣ እዚህ ነው?» አለ ድንቡሼ።

ዳኛዋ አፉን በመዳፏ ከደነችው፤ ቃሉ ግን ወጥቷል።

«ማን ነገራችሁ?» አላት አባቷ።

«ትምህርት ቤት ያላወቀ የለም። እኛ ነን የማናውቅ የምንመስለው፣ እናንተ እንዳትደነግጡ ብለን።»

አባትየው ወደ ድንቡሼ ዞረ። «አዎ፣ እዚህ ነው» አለው።

ድንቡሼ አፍንጫውን መስታወቱ ላይ ለጥፎ ወደ ኋላ አየ። «ዳቦ ቤት ብቻ ነው እንዴ ያለው?» አለ፣ ቅር ብሎት።

የመስመሩ መጨረሻ ላይ ከአውቶቡስ ማደሪያው ጀርባ ሣር የበቀለበት ሜዳ አለ። ድንቡሼ ከአሮጌ ካልሲ የሰፋውን ኳስ ከጉያው አወጣ። የአባትየውን ጫማዎች ግብ አደረጓቸው፤ እሱንም በመሀላቸው አቆሙት። ኳሱ በእግሮቹ መሀል ደጋግሞ አለፈ። እናትየው ቀሚሷን ሰብስባ በባዶ እግሯ ስትሮጥ፣ ስትወድቅ፣ ስትስቅ አያት። እንደምታምር አወቀ። ማወቅ ብቻ ነው፤ ከዚያ ወደ ታች አልወረደም።

ከቤት የያዙትን ድንችና እንቁላል ሊጨርሱ ሲሉ ዳኛዋ የመጨረሻውን ጨዋታ አወጀች። «እያንዳንዳችን አንድ አንድ ጥያቄ እንጠይቃለን። የተጠየቀ ይመልሳል። 'በኋላ' ማለት የለም።» ከዚያ ወደ አባቷ ዞረች። «ሰውዬው ምን ለብሰው ነበር?»

«ልጄ!» አለች እናት።

«ተያት» አለ አባትየው። «ቡናማ ካፖርት። አንገታቸው ድረስ ቆልፈውታል። ፌስታል ይዘዋል። አዩኝ። እኔም አየኋቸው።»

«ተቆጥተው ነበር?» አለ ድንቡሼ፣ ተራው ሳይደርስ።

«አይ። እንደሚያውቁኝ ሆነው ነው ያዩኝ። ሰላም ሊሉኝ መስሎኝ ነበር።»

ድምፁ አልተሰበረም፤ የአየር ሁኔታ የሚያነብ ነበር የሚመስለው። ይህን ግን ለፖሊስም ለሚስቱም ተናግሮት አያውቅም። እሷ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና አለቀሰች። እሱ ልቅሶዋን በመስኮት ውስጥ ዝናብ እንደሚያይ ሰው አየው፤ ቢሆንም መሐረቡን አውጥቶ ሰጣት። ዳኛዋ ሄዳ ጎኑ ተለጠፈች።

«የኔ ጥያቄ ደግሞ፣» አለ ድንቡሼ፣ «ያቺ ድንች የማን ናት?» እናትየው በእንባዋ መሀል ሳቅ አመለጣት።

ሲመለሱ አባትየውን አውቶቡስ ውስጥ እንቅልፍ ጣለው። ሲነቃ ሞተሩ ጠፍቷል፣ ሌላ ተሳፋሪ የለም፣ ቀጮ መሪው ላይ ክንዱን ጥሎ ጋዜጣ ያነባል።

«ቤታችንን አለፍነው?» አለ።

«አለፍነው» አለች ሚስቱ። «ዳኛዋ እንዳይቀሰቀስ ብላ ፈረደች።»

«እኔም ይግባኝ አላልኩም» አለ ቀጮ።

እሱ ድንቡሼን አዝሎ፣ ሁሉም በእግራቸው ተመለሱ። ያ እሁድ አዳነው ማለት ውሸት ይሆናል። እረፍቱ ሲያልቅ መሥሪያ ቤቱ ሄዶ «መሪ አልይዝም» አለ፤ የፍሬን ምርመራ ክፍል መደቡት። እዚያም እጁ ይሠራል፣ እሱ ከሩቅ ያያል።

ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ በማይታሰብ ቀን፣ ፀጉር ቤት ተቀምጦ ሳለ እንባው መጣ። ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን አስቀመጠና ፎጣ ሰጠው፤ ምን ሆንክ አላለውም። ሲበቃው የቀረውን ጎን ቆረጠለት።

ቤት ገብቶ ለዳኛዋ ነገራት፤ ሌላ ለማን እንደሚነገር አላወቀም።

«ብዙ አለቀስክ?» አለችው።

«ትንሽ።»

«ትንሽም ደህና ነው» አለችና ወደ ቤት ሥራዋ ተመለሰች።