የማይሰበረው ጊታር

ግሌንዳ ታስከር ዴዝ ኮርኮራንን ያወቀችው በሳቁ ነው። ሱቋ ደጃፍ ላይ ቆሞ ከአንድ መንገደኛ ጋር እየተሳሳቀ ፎቶ ይነሳ ነበር። ያንን ከጉሮሮ የሚወጣ ሳቅ ከሰማችው አርባ ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረውም። እጇ ላይ የነበረው ሞረድ ባለበት ቆመ።

በሩን በትከሻው ገፍቶ ገባ። ፀጉሩ ሳስቷል፤ ቦርጩ የቆዳ ጃኬቱን አላስዘጋ ብሎታል።

«ግሌኒ! አለሽ እንዴ አንቺ? እኔማ ይሄን የዓሣ ከተማ ጥለሽ የጠፋሽ መስሎኝ ነበር!»

«ጥሎ የጠፋስ አንተ ነህ።»

«አይ አንቺ! ምላስሽ ዛሬም ምላጭ ነው።» ሳትጋብዘው ከሻይዋ አጠገብ ከነበረው ብስኩት አንዱን አነሳና ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ጊታሮች እያየ ማኘክ ጀመረ። ሁሉም ርካሽ ነበሩ። ግሌንዳ ከእሑድ የሜዳ ገበያም፣ ዕቃ በመያዣ ይዞ ከሚያበድር ሱቅም፣ መማር ጀምሮ ከሰለቸው ሰው ቤትም ትገዛቸውና ሆዳቸውን ከፍታ እንደ አዲስ ትሠራቸዋለች። በእንግሊዟ የወደብ ከተማ በግሪምስቢ ያሉት ብቻ ሳይሆኑ ከወንዙ ማዶ ያሉ ባንዶችም እሷ የነካችውን ጊታር በድምፁ ይለዩታል።

ዴዝ ጉዳዩን ተናገረ። ድሮ አብረው ያቋቋሙት ባንድ፣ «ጨው ጥርስ»፣ ተሰባስቦ አገር ለአገር እየዞረ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ እዚሁ ከተማ ይጫወታሉ።

«መጨረሻ ላይ ምን እንደማደርግ መቼም ታውቂያለሽ።»

«ጊታር ትሰብራለህ።»

«ሕዝቡ የሚመጣው ለሱ ነዋ! ችግሩ ይሄ ትከሻዬ ነው። ሊድስ ከተማ ላይ መትቼ መትቼ በስንት መከራ ተሰበረልኝ። አንዱ ባለጌ ‹አያቴ፣ ላግዝህ?› ብሎ አይጮህብኝ መሰለሽ!»

«እና እኔ ምን ላድርግልህ?»

«አንድ ርካሽ ጊታር ፈልጊልኝ። አንገቱን በጀርባው በኩል በመጋዝ ቆረጥ አድርጊው፣ ከሩቅ እንዳይታይ። አንዴ መሬት ሳስነካው ለሁለት ይሁን። ድምፁ ግን ዘፈኑን እስክጨርስ ያምር።»

ግሌንዳ ጠበቀችው። አንድ ነገር ይላል ብላ ነበር፤ ስለዚያች ስለ መጀመሪያዋ ጊታር። ዴዝ ግን ጣቱ ላይ የቀረውን የብስኩት ፍርፋሪ ላሰና «ምን ትያለሽ?» አላት።

«እሺ» አለች። «እሠራልሃለሁ።»

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ዴዝ የረሳው ነገር ይህ ነው።

የግሌንዳ አባት ሲድኒ ታስከር ወደቡ ላይ ዓሣ እየበለተ የሚኖር፣ ከቃል ይልቅ ዝምታ የሚቀናው ሰው ነበር። ልጁ በመጥረጊያ እንጨት ጊታር ስትጫወት አይቷት በፖስታ ከሚታዘዝበት የዕቃ ካታሎግ አንዲት ቀይ የኤሌክትሪክ ጊታር አስመጣላት። ርካሽ ነበረች፤ የክር ማስተካከያዋ ቶሎ ቶሎ ይላላል፣ ክሯም ጣት ይቆርጣል። ግሌንዳ ግን በእሷ ዜማ መሥራት ተማረች፤ ዴዝ እስከ ዛሬ ጉሮሮውን እየነፋ የሚዘፍናቸውን ዜማዎች የፈጠረችው በዚያች ጊታር ነው።

አንድ ቀን በዓሣ አጥማጆቹ ክበብ ሲጫወቱ ሲድኒ የቤተ ክርስቲያን ከረባቱን አስሮ ከፊት ተቀመጠ። የመጨረሻው ዘፈን ሊያልቅ ሲል ዴዝ የራሱን ውድ ጊታር ቀስ ብሎ፣ ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው፣ ማቆሚያው ላይ አኖረ። ከዚያ ወደ ግሌንዳ መጣና ማንጠልጠያውን ከትከሻዋ አወጣ። ሊቀልድ መስሏት ፈገግ ብላ ሰጠችው። ከፍ አድርጎ አነሳትና መሬት ላይ ከሰከሳት። አዳራሹ በጩኸት ተናጋ። የጋዜጣው ሰው ፎቶ አነሳ፤ ያ ፎቶ ለዴዝ ስም ሆነው።

«ርካሽ ጣውላ እኮ ነው፣ ሌላ ትገዣለሽ!» ነበር ያላት ሲወርዱ። ወዲያው ባንዱን ይዞ ለንደን ሄደ፤ እሷን ግን «የሙዚቃ ኩባንያው ሴት ጊታር ይዛ ማየት አይፈልግም» ብሎ ተዋት። በዚያው ምሽት ሲድኒ መድረኩ ላይ ተንበርክኮ ስብርባሪውን በኮቱ ሰበሰበ። ክረምቱን ሙሉ ማታ ማታ የምግብ ጠረጴዛው ላይ በሙጫ ሊገጥማት ሲታገል ከረመ። አልገጠመችም። ከዚያ በኋላ ሙዚቃ ያለበት ቤት ሳይረግጥ ሞተ።

ግሌንዳ በእሑዱ ወደ ሜዳው ገበያ ሄደች። አንዲት ሴትዮ የመኪናዋን ኋላ ከፍታ የልጇን ዕቃ ትሸጥ ነበር። ከአሮጌ ጫማዎች ሥር ስም የሌለው ጥቁር ጊታር ተጋድሟል።

«እሱን ተይው የኔ እመቤት» አለች ሴትዮዋ፣ «ክብደቱ የሬሳ ሣጥን ነው የሚያክለው። ልጄ ጀርባዬን ቆረጠኝ ብሎ ነው የተወው።»

«የምፈልገው እንዲህ ያለውን ነው» አለች ግሌንዳ።

ሱቋን ዘግታ ሥራ ጀመረች። መጀመሪያ አንገቱን ፈታ ጣለችው። ከፈረሰ የዳንስ አዳራሽ ወለል ያስቀረችው፣ መጋዝ የሚያደነዝዝ ጠንካራ እንጨት ነበራት፤ ከሱ አዲስ አንገት ጠርባ አወጣች። መሐሉን በቁመቱ ፈልፍላ ሁለት የብረት ዘንጎች ቀበረችበትና ሙጫ አፍስሳ በሞርሳ አሰረችው። አንገቱ ከገላው ጋር የሚያያዝበትን አጭር ብሎን ጥላ እስከ ማዶ በሚዘልቅ ረጅም የብረት ብሎን ቀየረችው። ማስተካከያዎቹንም ክሩን ነክሰው በማይለቁ ለወጠቻቸው።

ድምፁንም አልበደለችውም። ክሩ ሥር ሆነው ድምፁን የሚለቅሙት ማግኔቶች ከፋብሪካ ሲወጡ ጀምሮ የሚያፏጩ ነበሩ፤ አውጥታ በልብስ ስፌት መኪና ሞተር ራሷ የመዳብ ሽቦ ጠምጥማ ሌላ ሠራች። ድምፁ እንዳይረበሽ ሆዱን በመዳብ ወረቀት ለበጠችው። በመጨረሻ አንገቱ ጀርባ ላይ በምላጭ ፀጉር የምታህል መስመር ጫረችና በጫማ ቀለም አጠቆረቻት። ላየው ሰው በመጋዝ የተቆረጠ ይመስላል።

የባንዱ ከበሮ መቺ ኔቪል የልጅነት ጓደኛዋ ነው። ሻይ ሊጠጣ ጎራ ሲል ጊታሩን አነሳው።

«ወይ ጉድ! ምን ሞልተሽበት ነው እንዲህ የከበደው?» አንገቱን በጣቱ ቆረቆረው፣ እንደገና ቆረቆረው፤ ቀስ ብሎ አስቀመጠው። «ግሌን፣ ይሄ እኮ አይሰበርም።»

«አውቃለሁ።»

«እጁን ይጎዳዋል።»

«እሱንም አውቃለሁ።»

ኔቪል ጢሙን አሻሸ። «አባትሽ ስብርባሪውን ሲለቅም አይቼ ከከበሮው ጀርባ ንቅንቅ አላልኩም» አለ። «ከዚያ ከዴዝ ጋር ሄድኩ። ዛሬም ምንም አላየሁም፤ ሻይ ጠጥቼ ሄድኩ፣ በቃ።»

ቅዳሜ ከሰዓት መድረኩ ላይ ድምፅ ሲፈተሽ ዴዝ ጊታሩን አንጠልጥሎ አንድ ዜማ መታ። ድምፁ ወፍራምና ንጹሕ ሆኖ ባዶውን አዳራሽ ሞላው። ዴዝ ዓይኑን ጨፍኖ ሌላ ደገመ፣ ሌላም ሠለሰ።

«እንዴ! ከኔው ይበልጣል እኮ! ምን አድርገሽው ነው?»

ግሌንዳ እዚያች ላይ ልቧ ትንሽ ራራ። «እንግዲያው አትስበረዋ» አለችው። «ውሰደው። ተጫወትበት።»

ዴዝ ጀርባውን ገልብጦ የጫማ ቀለሟን መስመር በአውራ ጣቱ ዳሰሰና ሳቀ። «ምን ነካሽ ግሌኒ? ርካሽ ዕቃ የሚሠራው ሊሰበር ነው።»

«እሺ» አለች።

ምሽቱን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ሸበቶውም ወጣቱም ቢራውን ይዞ ተጋፍቶ ቆሟል፤ ግሌንዳ ከመድረኩ ጎን፣ መጋረጃው ሥር ናት። የመጨረሻው ዘፈን የሷው ነበር፤ ቀይዋ ጊታር ላይ የሠራችው። ዴዝ ሊጨርስ ሲል ጊታሩን አወለቀና አንገቱን በሁለት እጁ ጨብጦ ከራሱ በላይ አነሳ። ሕዝቡ «ስበረው! ስበረው!» እያለ በእግሩ ይመታል። ኔቪል ከበሮውን ደለቀ።

ዴዝ ወለሉ ላይ አሳረፈው።

ጊታሩ እንደ ኳስ ነጠረ። ከማጉያዎቹ አንድ ሙሉ፣ ያልተዛነፈ ድምፅ እንደ ደወል ወጣ። ዴዝ አንገቱን አየው፤ ምንም አልሆነም። እንደገና አነሳ፤ ኔቪልም እንደገና ደለቀ። መታው። ወለሉ ተሰነጠቀ፤ ጊታሩ ግን ያንኑ ድምፅ፣ ያው እንደተቃኘ፣ መለሰ።

መጀመሪያ ሕዝቡ የትርኢቱ አካል መስሎት አጨበጨበ። ሦስተኛው ላይ ከኋላ አንድ ሰው «መጥረቢያ ስጡት!» ብሎ ጮኸና አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

«ምን አደረገህ፣ ተወው ምስኪኑን!» አለች አንዲት ሴት።

«ጊታሩ በነጥብ እየመራ ነው!»

ዴዝ ላብ አጥምቆታል። ጥርሱን ነክሶ፣ ያለ የሌለ ኃይሉን አሰባስቦ በከበሮው መቆሚያ ጠርዝ ላይ አወረደው። በዚህኛው ሌላ ነገር ቀጭ ሲል ተሰማ። ጊታሩን ለቀቀና የግራ እጁን ደረቱ ላይ አቅፎ በጉልበቱ ተንበረከከ። የሳቀው ሁሉ ወዲያው አላቆመም፤ የወደቀ መስሎት የባሰ የሳቀም ነበር።

የግሌንዳ አንጀት ቅቤ ጠጣ። ሐሰት የለውም፤ ከእግር ጥፍሯ እስከ ራስ ፀጉሯ ደስ አላት።

ዴዝን ደግፈው ሲያወጡት ጊታሩ ወለሉ ላይ ተጋድሞ ይጮሃል። ልትዘጋው ወጣች። አነሳችው፤ ክሮቹን ዳሰሰች፤ አንዱም አልላላም። አንድ ጊዜ ብቻ ሁሉንም በአንድነት መታቻቸውና ድምፁ ሕዝቡ ላይ ተንከባሎ እስኪያልቅ ጠብቃ ማጉያውን አጠፋች።

ከመድረኩ ጀርባ ዴዝ በረዶ የሆነ የአተር ከረጢት የእጁ አንጓ ላይ ጭኖ ተቀምጧል። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ሆን ብለሽ ነው» አላት።

«ሆን ብዬ ነው።»

«ምን በደልኩሽ? ምን አድርጌሽ ነው ሰው ፊት መሣቂያ የምታደርጊኝ?»

ያኔ ነገረችው። ቀይዋን ጊታር፣ ካታሎጉን፣ ኮቱን፣ ሙጫውን። ዴዝ ግንባሩን አኮማትሮ ሰማት።

«የኔ ጊታር ነበር እኮ የሰበርኩት» አለ። «ፎቶው ላይ…» አቆመ። ፎቶውን በሐሳቡ እያየው እንደሆነ ያስታውቃል። «ቀይ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «የኔ ቀይ አልነበረም።»

«አባቴ ከፊት ተቀምጦ ነበር።»

«አላየሁትም።»

«እሱን አውቃለሁ። አላየኸውም።»

ከዚያ፣ ሕመሙ እያሰቃየው፣ «እሺ፣ አንገቱ ውስጥ ምን ከተትሽበት?» አላት። የተዋረደ ሰው ጥያቄ አልነበረም፤ ጊታር የሚወድ ሰው ጥያቄ ነበር። ይቅርታ ቢል ምን እንደምትመልስ ለዓመታት አስባበት ነበር፤ ይህን ግን አልጠበቀችም።

«አልነግርህም» ብላ ወጣች። ኔቪል ውጭ እየጠበቃት ነበር፤ ወደቡ ዳር መኪና ውስጥ ቁጭ ብለው የተጠበሰ ዓሣ ከነድንቹ በሉ። ግሌንዳ የሷንም የሱንም ጨረሰች።

ተመልካች በስልኩ የቀረጸው የዴዝ ቪዲዮ አገሩን አዳረሰ። በክረምቱ ባንዱ ሲዞር በየአዳራሹ «ስበረው!» እያሉ ያሾፉበት ነበር፤ እሱ ግን ዳግመኛ ጊታር አልሰበረም። ሰው የሚያስታውሰው ከሰበራት ጊታር ይልቅ ባልሰበራት ነው እያለች ኔቪልን ታስቀው ጀመረች። ጥቁሩን ጊታር የሚገዛ ሰው ብዙ መጣ፤ አልሸጥም አለች።

መጋቢት ላይ ኔቪል ሱቋ መጥቶ እግረ መንገዱን አንድ ነገር ነገራት። የዴዝ አንጓ ድኗል፤ ክር የሚጫንባት የግራ እጁ ትንሿ ጣት ግን አልታጠፍም ብላ ቀርታለች፤ ሐኪሞቹ ከእንግዲህም አትታጠፍም ብለውታል። ያለሷ የማይሆኑለትን ሁለት የድሮ ዘፈኖች መጫወት ትቷል።

«የትኞቹን?» አለች።

ነገራት። ሁለቱም የሷ ነበሩ፤ ከእንግዲህ መድረክ ላይ የሚያሰማቸው የለም።

ግሌንዳ አልተጸጸተችም፤ ተጸጸተች ቢሉ ውሸት ነው። የያዘችውን ማግኔት ጠምጥማ ጨረሰች፣ ሽቦውን ቆረጠች። ከዚያ ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ደንበኛ እየመጣ ሳለ፣ ሱቋን ቆልፋ ወደ ቤቷ ሄደች።