ለእስስት ልጆች ቅቤ

አራት ናቸው፣ አይ አምስት፣ አንዷ ከቅጠሉ ሥር ናት፣ ጅራቷን እንደ ክር ጠቅልላ፣ ትተንፍስ አትተንፍስ አይታወቅም፣ ፈንታነሽ የራሷን ትንፋሽ ይዛ በሽቦው ወንፊት ታያለች፣ ጎኗ ከፍ ያለ መሰላት፣ ዝቅ አለ፣ አዎ አለች፣ አለች፣ እመቤቴ፣ አምስት። ትናንት ዘጠኝ ነበሩ።

ዘጠኝ። እያንዳንዳቸው የትንሽ ጣት አንጓ የሚያካክሉ። እናታቸውን ጣሊያኑ ካፒቴን ነው ከጉና ተራራ ግርጌ ከቅትክታ ቁጥቋጦ ላይ ይዞ ያመጣት፣ ሆዷ ተነፍቶ፣ ፈንታነሽ እስስት እንደ ዶሮ እንቁላል የምትጥል ይመስላት ነበር፣ ሰኞ ጧት ቤቱን ልትጠርግ ስትገባ ለካ ትወልዳለች፣ አንድ በአንድ ጠብ ጠብ፣ በዝልግልግ ተጠቅልለው፣ እንደ ሰው። ማክሰኞ እናቲቱ ጠቆረችና ሞተች። ካፒቴኑ ቆቡን አውልቆ ቆመ። ለእስስት። በሚያዝያ ገበያው መሀል ስድስት ሰው ሲሰቀል ቆቡ ከራሱ ላይ ነበር፣ አይታዋለች።

ያኔ ነው የተናገረው። እሱስ ሁለት ቃል ነው ያለው፣ አስተርጓሚው ማሩ ነው ያረዘመው፣ ስሚ አንቺ፣ እኒህ ጫጩቶች ቅዳሜ መኪናው ወደ ጎንደር እስኪነሳ በሕይወት ከቆዩ ባልሽን ከምሽጉ ያስፈታልሻል፣ አገሩ ድረስ ሊሰዳቸው ነው። ቢሞቱስ፣ አለች። ቢሞቱማ ታውቂዋለሽ፣ አላት። ረቡዕ ሁለቱም ወደ ጉና ወጡ፣ ዛሬ ዓርብ ነው፣ ዛሬ ይመለሳሉ።

ባሏን በላይነህን ከእርሻ ላይ ነው የወሰዱት፣ በሬዎቹ ከነቀንበራቸው ቆመው ቀሩ፣ ወንድምህ ሞላ ዱር ገብቷል፣ ስንቅ ትሰድለታለህ አሉት፣ ሰድጄ አላውቅም ብሎ መስቀል መታ፣ እውነቱን ነው፣ እሱ አልሰደደም፣ በሶውን የቋጠረች እሷ ናት፣ በገዛ ነጠላዋ፣ ሳትነግረው። እሱ ለማያውቀው ነገር ማለ። ይህን ለነፍስ አባቷም አልተናገረችም። ዝም በይ፣ ዝም፣ ውሃውን።

ውሃ ከቅል ተጎንጭታ በቅጠሉ ላይ እፍፍ ትላለች፣ ቄስ ጠበል እንደሚረጭ፣ ይቅር በለኝ። ጠብታዋን የምትልስ አለች፣ አንዱ ዓይኗ ወደ ፈንታነሽ፣ ሌላው ወደ ጣሪያ። ትንኙን ደግሞ ከጠላ ቤት ነው የምታመጣው፣ ጋን አፍ ላይ ከሚሰፍረው፣ በነጠላዋ ሸፍና፣ ጠጪዎቹ ምን ልታረጊው ነው አንቺ ይሏታል፣ ለጌታዬ ወጥ ልሠራው ብትላቸው ጊዜ ሳቁ፣ እንግዲያማ በርበሬ እንዳታሳንሺበት። ሳቀች እሷም። ሐሙስ ጧት ነበር ይህ፣ ሐሙስ ጧት ሳቅ ነበራት።

ከዚያ ወዲያ አምስቱ ትንኝ አልነካ አሉ። ብርዱ ነው፣ ሰኔ ነው፣ የጉና ጭጋግ በበር ሥር ይገባል። ከቅርንጫፉ እየወደቁ፣ ስታነሳቸው እየወደቁ፣ እጃቸው፣ እጅ አላቸው እኮ፣ የሕፃን እጅ፣ ጣቷን ጨበጥ አርጎ የሚለቅ። እና ትዝ አላት፣ ምነው ባላላት፣ ልጇ ጌጤ ስትወለድ ትዝ አላት። ሕፃኗ ዓመድ መስላ ነው የወጣች፣ ድምፅ የላት፣ አማቷ እማማ ዓለሚቱ ጣታቸውን ለጋ ቅቤ ውስጥ ነክረው ጉሮሮዋ ድረስ አስገቡት፣ ዋጠች፣ ትን አላት፣ ከዚያ ጮኸች። ሦስት ጊዜ እልል አሉ። አራስ ሰው የሚሆነው በቅቤ ነው ልጄ፣ ደካማ ሲሆንማ እጥፍ ነው፣ አሉ እማማ።

እጥፍ። ሮጣ ሄዳ አመጣች፣ ለጌጤ ካስቀመጠችው፣ በትንፋሿ አለሰለሰችው፣ በስንደዶ ጫፍ እየጠነቆለች አፋቸውን ከፈተች፣ አንዱ፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፣ አራተኛው፣ ዋጡ፣ መዋጡን ዋጡ፣ ጣቷን ልትልስ ስትል ጾም መሆኑ ትዝ አላት፣ የሐዋርያት ጾም፣ በቀሚሷ ጠረገችው፣ ደስ ብሏት ነበር፣ እግዚአብሔር ያውቃል ደስ ብሏት ነበር። አምስተኛይቱን ይዛ አፏ ላይ ስታደርስ የመጀመሪያው ጠቆረ። አፉን ከፈተ። ሁለተኛውም። እንደ ዓሣ፣ አፍ ብቻ ሆኑ። ከዚያ ነጡ፣ ተራ በተራ፣ ጨርቅ የሚመስል ንጣት። ቅቤውን ከአፋቸው በጥፍሯ ልታወጣ ሞከረች፣ መንጋጋው ተሰበረ፣ የአንዱ፣ ድምፁን ሰማችው።

ከጌሾው ሥር ቀበረቻቸው። አራት እንዴት ይጠፋል፣ ቆጥሯቸዋል፣ ወረቀት ላይ ጽፏል፣ አይጥ በላቸው ልበል፣ አይጥ ሽቦ ያልፋል ወይ፣ ቅትክታው ድረስ ሄጄ ሌላ ልልቀም፣ በዚህ ዝናብ፣ ልጅ አዝዬ፣ ደግሞ በሰኔ ማን የወለደች ያገኛል።

አምስተኛይቱ ናት ከቅጠሉ ሥር ያለችው። ቅቤው አፏ ጫፍ ደርሶባታል። ቀዝቅዛለች፣ ፈንታነሽ በሁለት ጣት ታነሳታለች፣ የምታስገባበት ሙቀት የላትም ከራሷ በቀር፣ እስስት የነካ እጅ ጡት አይንካ ይላሉ፣ ወተት ያደርቃል ይላሉ፣ ይበሉ፣ ቀሚሷን ገለጥ አርጋ በጡቶቿ መሀል ታኖራታለች፣ እንደ በረዶ ጠብታ። ጌጤ ከጀርባዋ ታለቅሳለች፣ ርቧታል፣ ቆይ፣ አውርዳ እንዳታጠባት ጡቱ ተይዟል፣ ቆይ እናቴ፣ አባትሽን እያሞቅሁት ነው፣ ምን አልኩ፣ አባትሽን አልኩ። እሹሩሩ። ወገቧን እያወዛወዘች በአንድ ዜማ ሁለቱንም ታባብላለች፣ ደረቷ ላይ ያለችው ትንቀሳቀሳለች፣ ትቧጥጣለች፣ አለች።

የበቅሎ ኮቴ። ጫማ። ማሩ በሩን ይከፍታል፣ ካፒቴኑ ዝናብ እያንጠባጠበ በቀጥታ ወደ ሽቦው፣ ጎንበስ ይላል፣ ጣቱ ይቆጥራል፣ አራት ላይ ይቆማል፣ ፈንታነሽ አምስተኛይቱን ከደረቷ አውጥታ በመዳፏ ትዘረጋለታለች፣ አሁን፣ አሁን ይመታኛል። ይስቃል። ትከሻዋን መታ መታ ያረጋታል። አምስት ይላል፣ ግሩም ነው ይላል፣ ይተረጉማል ማሩ፣ ከሁለት በላይ ይተርፋሉ ብሎ አልጠበቀም፣ ጎበዝ ነሽ ይልሻል።

ሁለት። ሁለት ብቻ ነበር የጠበቀው።

የበላይነህንስ ነገር፣ አያ ማሩ፣ በእናትዎ ይጠይቁልኝ፣ ነገ ነው የሚፈታው ወይስ ዛሬ። ማሩ የጫማውን ጭቃ ያያል። ይጠይቁልኝ እንጂ። ድምፁን ዝቅ አርጎ፣ ምን ልበልሽ ፈንታነሽ፣ ይላል፣ እሱ ጠብቂያቸው ብቻ ነው ያለሽ። የባልሽን ነገር የጨመርኩት እኔ ነኝ። ተግተሽ እንድትይዣቸው ብዬ ነው። ስሙንም አያውቀው።

አያውቀው። ስሙንም። ጌጤ ታለቅሳለች፣ ዝናቡ ይወርዳል፣ ካፒቴኑ ትንሿን እንስሳ ብርሃን ላይ ይዞ ይገላብጣታል፣ እንግዲያ ይወቅ፣ ማን ከለከለኝ፣ አፍ አለኝ። በላይነህ፣ ትላለች ጮክ ብላ፣ በእጇ ወደ ምሽጉ እያሳየች፣ በላይነህ። እስስቷ ደንግጣ መዳፉ ላይ ትጠቁራለች። ካፒቴኑ ዓይኑን ከእስስቷ ሳያነሳ ጣቱን ከንፈሩ ላይ ያደርጋል፣ እሽሽ ይላል፣ እንዳታስደነግጫት፣ ይተረጉማል ማሩ።

በላይነህ፣ ትላለች ዝቅ አርጋ። ጣቱ ከንፈሩ ላይ ነው። በላይነህ፣ ከዚያም ዝቅ አርጋ፣ በትንፋሽ፣ በላይነህ፣ በከንፈር ብቻ።